የመጀመሪያ የሸራ ጀልባ ዕረፍት፦ ድልማጥያ ይሻላል ወይስ የግሪክ ደሴቶች?

ጀልባ ተከራይቶ ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ አንድ ሳምንት ማሳለፍ የሀብታም ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ኪራዩ ለስድስት ሰው ሲካፈል ግን በዚያው ወቅት ባሕር ዳር ካለ ደህና ሆቴል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ከፍራንክፈርትም ከስቶክሆልምም የሚደውሉልኝ ወዳጆች አሁን የሚጠይቁኝ "የት እንሂድ?" ብለው ነው። ብዙዎቹ ፎቶ አይተው መርጠው ጨርሰዋል፤ ፎቶውም ያው የሳንቶሪኒ ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር መልሼ እጠይቃለሁ፦ በምትሄዱበት ወር የዚያ ባሕር ነፋስ ጠባዩ እንዴት ነው? ጀልባው ላይ የሚወጣውስ ማን ማን ነው?

ከታች ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ወይም የጓደኛ ቡድን የጻፍኩት ንጽጽር ነው። ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፣ በጋና ክረምት የምለውም የአውሮፓውን ነው፤ ኪራዩም የልጆች ትምህርት ቤትም የሚሄደው በዚያ ስለሆነ።

ነፋሱን ሳያውቁ ቦታ መምረጥ አይቻልም

በግሪክ ምዕራብ በኩል ያለው የአዮኒያን ባሕር በበጋ ጠዋት ጠዋት እንደ ዘይት ረግቶ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ማይስትሮ የሚሉት ነፋስ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 12 በሚሄደው ቦፎርት የተባለ የነፋስ ኃይል መለኪያ 3 ወይም 4 ነው፤ ሸራውን ይሞላል እንጂ ሰው አያስጨንቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱም ይተኛል። በዚህ ምክንያት የቀኑ ፕሮግራም ራሱን ያወጣል፤ ጠዋት በሞተር ትንሽ ተጉዞ ለዋና አንድ ሰርጥ ውስጥ መቆም፣ ምሳ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በሸራ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ወደብ መግባት።

ክሮኤሺያ ውስጥ ያለው የድልማጥያ ባሕር ዳርም ይኸው የከሰዓት ነፋስ አለው፤ እነሱ ማይስትራል ይሉታል። ልዩነቱ እዚያ ሁለት ሌሎች ነፋሶች መኖራቸው ነው። ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ሲሆን፣ ቀስ እያለ እየበረታ፣ ደመናና ትልቅ ማዕበል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለመጠለል ጊዜ ይሰጣል። ቡራ ግን ከተራራው በስተጀርባ የተጠራቀመው ቀዝቃዛ አየር ድንገት ወደ ባሕሩ ሲገለበጥ የሚፈጠር ነው። ያገሬው ሰው ቬሌቢት የተባለው ተራራ አናት ላይ ነጭ ደመና እንደ ነጠላ ሲጣል ካየ ገመዱን ይፈትሻል። ቡራ የሚከፋው በክረምት ነው፤ በበጋም ግን አልፎ አልፎ ለአንድ ሌሊት ይመጣል። ጠዋትና ማታ የአየር ሁኔታውን መመልከት እዚያ ግዴታ ነው። በጀልባው ሬዲዮ በእንግሊዝኛም ጭምር ይነገራል።

በግሪክና በቱርክ መካከል ያለው የኤጂያን ባሕር ሌላ ነው። ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ የሚነሣው በባልካን በኩል ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት በቱርክ በኩል ካለው ዝቅተኛ ግፊት ጋር ሲገናኝ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ለተከታታይ ቀናት በቦፎርት 5 እና 6 ሊነፍስ ይችላል፤ 7 የሚደርስበትም ጊዜ አለ። አስቸጋሪው ነገር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መንፈሱ ነው። ሰማዩን አይቶ "ዛሬማ ሰላም ነው" ያለ ሰው ከወደቡ አፍ ሲወጣ ይደነግጣል።

አዮኒያን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው

ሌፍካዳ ደሴት ከዋናው ምድር ጋር በተንሳፋፊ ድልድይ ስለተያያዘች ከፕሬቬዛ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የምትርቀው። ከዚያ ተነሥቶ ሜጋኒሲን፣ ኢታካን፣ የከፋሎኒያን ሰሜናዊ ጫፍ ፊስካርዶን ዞሮ መመለስ ለአንድ ሳምንት ልክ ነው። ርቀቱ በቀን ከ10 እስከ 20 የባሕር ማይል አይበልጥም። ዙሪያውን ደሴቶች ስለሚከልሉት ውስጡ ከባሕር ይልቅ ሐይቅ ነው የሚመስለው። ጣና ላይ በታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ገዳማት የዞረ ሰው፣ በየአቅጣጫው መሬት እያየ የሚሄድበትን ያን የማረፍ ስሜት እዚህም ያገኘዋል።

እኛ የሄድነው እናቴ ከአዲስ አበባ በመጡበት ዓመት፣ በኦገስት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ያሳሰበኝ ነፋሱ ሳይሆን ምግቡ ነበር። ሜጋኒሲ ላይ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ጀልባውን አስረን ገባን፤ ባለቤቲቱን እየተንተባተብኩ "ኒስቲሲሞ" አልኳት፤ የጾም ማለት ነው። ፊቷ በራ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ከኦገስት 1 እስከ 14 ስለምትጾም ነገሩን ታውቀዋለች። በወይራ ዘይት የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል፣ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ፣ ከዚያም ፋቫ የሚሉትን ቢጫ ወጥ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርት በትና አመጣችልን። እናቴ አንድ ጊዜ ቀምሰው ቀና አሉና "ይሄማ ክክ ነው! በርበሬው ብቻ ነው የቀረው" አሉ። በርበሬው ጀልባው ውስጥ ስለነበረ ልጄ ሮጣ አመጣችው። ልብ በሉ፣ በእነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላል፤ የእኛን ጾም የምትጾሙ ከሆነ ይህን ለይታችሁ መናገር አለባችሁ። የእነሱ በዓል ኦገስት 15 ሲውል የእኛ ኪዳነ ምሕረት 22 ላይ ነው፤ በዘይት የሚሠራው ምግብ ግን ከበዓሉ በኋላም ከዝርዝሩ አይጠፋም።

የአዮኒያን ከባዱ ነገር ጀልባውን ወደብ ላይ ማሰሩ ነው። አብዛኛው የደሴት ወደብ ላይ የሚያስረው ሰው የለም፤ የራስህን መልሕቅ ከፊት ጥለህ፣ በጀርባ እየተጠጋህ፣ ሁለት ገመድ ወደ ግንቡ ትወረውራለህ። ኢታካ ላይ ኪዮኒ በምትባለው ውብ መንደር ይህን አሳስቼዋለሁ። ጥልቀቱ 8 ሜትር ነበር፤ መልሕቁን ለግንቡ በጣም ቀርቤ ስለጣልኩት የተለቀቀው ሰንሰለት 20 ሜትር ብቻ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከኮረብታው ነፋስ ወረደ፤ መልሕቁ ተነቀለና የጀልባው ጀርባ ግንቡን መታ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እናቴ ተነሥተው "በስመ አብ" እያሉ ነው፣ እኔ በባዶ እግሬ በጨለማ ሞተሩን አስነሣለሁ። የጎረቤት ጀልባ ሰዎች መብራት ይዘው ወጥተው በእጃቸው ገፉልን። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ ከጥልቀቱ አራትና አምስት እጥፍ ሰንሰለት። 8 ሜትር ላይ ከ32 እስከ 40 ሜትር መሆን ነበረበት። ይህን እስክትለምዱ ድረስ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ላይ ግቡ፤ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ ካልያዘም ደግሞ ለመጣል ጊዜ አላችሁ።

ፈቃድ ይዞ ልምድ ላነሰው ሰው ደግሞ ፍሎቲላ የሚባለው አካሄድ እዚህ በሰፊው አለ። አሥር ያህል ጀልባዎች አብረው ይሄዳሉ፤ የመሪው ጀልባ ሰዎች ጠዋት ስለ ነፋሱና ስለ መንገዱ ይነግሯችኋል፣ ማታ ወደብ ላይ ቆመው ገመድ ይቀበላሉ። ለመጀመሪያ ሳምንት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

ድልማጥያ፦ ከተማና ምቾት ለሚወድ

ስሙን ከጢሞቴዎስ መልእክት እናውቀዋለን፤ ቲቶ የሄደበት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚነሣው ከስፕሊት ወይም ከትሮጊር ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው በሁለቱ መካከል ስላለ ከአውሮፕላን ወርዶ ጀልባ ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ትሮጊር በ1997 በዩኔስኮ መዝገብ የገባች፣ በድንጋይ የተሠራች ትንሽ ደሴት ከተማ ናት። የስፕሊት መሐል ከተማ ደግሞ የሮማው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ለጡረታው ያሠራው ቤተ መንግሥት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን "ዓመተ ሰማዕታት" እያልን የምንጠራበት፣ ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ ነው። መቃብሩ ዛሬ ካቴድራል ሆኗል። እናቴ ይህን ቢያዩ ብዬ የተቆጨሁት እዚያ ስቆም ነው።

እዚህ ያለው ትልቁ ምቾት ማሪናው ነው። ሠራተኛው ግንቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከሥር የታሰረውን ገመድ ያቀብላችኋል፤ መልሕቅ መጣል የለም። መብራት፣ ውሃ፣ ንጹሕ መታጠቢያ አለ። ለመልሕቅ እጁ ያልፈታ ሰው ከግሪክ ይልቅ እዚህ ሌሊቱን ተረጋግቶ ይተኛል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፤ በኦገስት ለአንድ 12 ሜትር ጀልባ በሌሊት ከ100 ዩሮ በላይ የሚጠይቁ ማሪናዎች አሉ። ግሪክ ውስጥ በብዙ የመንደር ወደቦች የሚከፈለው ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ እራት ከበላችሁ ማሰሪያውን በነጻ የሚሰጡ ምግብ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ክሮኤሺያም ኮኖባ በሚሉት የቤተሰብ ምግብ ቤት ፊት እንዲህ ያለ ማሰሪያ ይገኛል፤ እራቱ ግን ርካሽ አይደለም።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ ልስጥ። የህቫር ከተማ ወደብ በኦገስት አይታደርበትም፤ በመርከብ ማዕበልና በሙዚቃ እንቅልፍ የለም። በዚያው ደሴት ሰሜን በኩል ስታሪ ግራድ አለች። ከፓሮስ የመጡ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 የመሠረቷት ናት፤ ያኔ በድንጋይ አጥር የሸነሸኑት እርሻ እስካሁን ወይንና ወይራ ይታረስበታል። ብስክሌት ተከራይቶ ከልጆች ጋር በዚያ እርሻ መካከል መሄድ ከባሕሩ እኩል የማስታውሰው ነው። ከዚያ ወደ ቪስ ተሻገሩ። ቪስ በዩጎዝላቪያ ዘመን የጦር ሰፈር ስለነበረች እስከ 1989 ድረስ ለውጭ አገር ሰው ዝግ ነበረች፤ ሆቴል ያልተደረደረባት በዚያ ምክንያት ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ የኮርናቲ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ራቁት፣ ነጭ፣ ዛፍ የሌላቸው ደሴቶች። የመግቢያ ትኬቱን አስቀድሞ መግዛት ይረክሳል። ከሺቤኒክ ወንዙን ተከትሎ በጀልባ እስከ ስክራዲን መውጣትም ይቻላል፤ የክርካን ፏፏቴ ለማየት ነው፤ ታዋቂው ፏፏቴ ሥር መዋኘት ግን ከ2021 ጀምሮ ተከልክሏል።

ለጾመኛ እዚህ ትንሽ ይከብዳል። ብሊትቫ የሚሉት ጎመንና ድንች በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጣፋጭ ነው፤ የሚመጣው ግን ከዓሣ ጋር ስለሆነ ለብቻው እዘዙት። ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጀልባው ጋዝ ምድጃ በደንብ ያበስላታል።

ከአቴንስ የሚነሡት ሁለቱ መንገዶች

ከአቴንስ አሊሞስ ማሪና የሚነሣ ሰው አቴንስ አጠገብ ወዳለው የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ወይም ኤጂያን መካከል ወዳሉት የሲክላዲስ ደሴቶች ይሄዳል። ሁለቱን አታምታቱ። ሳሮኒክ በምድር ስለተከለለ ሜልቴሚው ደክሞ ነው የሚደርሰው። ኤጊና፣ ፖሮስ፣ መኪና የማይገባባት ሂድራ፣ ከዚያም ወደ ጥንታዊት ኤፒዳውሮስ ተሻግሮ እስካሁን ትርኢት የሚታይበትን የድንጋይ ቲያትር ማየት። ታሪክ ለሚወድና በዓመት የተለያየ ጊዜ በርካሽ በረራ መሄድ ለሚፈልግ ከአዮኒያን እኩል ነው፤ ሜይ ላይም ኦክቶበር ላይም ጥሩ ነው። ሂድራ ላይ ግን ወደቧ ጠባብ ስለሆነ የአንዱ መልሕቅ የሌላውን ሰንሰለት ይይዛል፤ ሌላ ቦታ አስሮ በመደበኛ መርከብ ሄዶ ማየት ይሻላል።

ሲክላዲስን ልጅና ሽማግሌ ይዞ በጁላይና በኦገስት አልመክርም። ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ነው፣ ደስ ይላል፤ አሊሞስ ለመመለስ ግን በዚያው ነፋስ ላይ ፊት ለፊት መውጣት ነው። ጀልባውን በቀኑ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ሰዎች መውጣት በሌለበት ቀን ይወጣሉ፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሳንቶሪኒ ደግሞ እሳተ ገሞራ ያፈረሰው ገደል ውስጥ ስለሆነች ጥልቀቱ መልሕቅ አያስጥልም። በመርከብ ሄዳችሁ እዩአት።

ስዊድን ላላችሁ፦ ከስቶክሆልም ደጅ ወደ 30,000 የሚጠጉ ደሴቶችና ድንጋዮች አሉ፤ ማዕበል አይገባም፣ ሕጉም ከመኖሪያ ቤት ርቃችሁ አንድ ሌሊት እንድታድሩ ይፈቅዳል። ክፍያ የለውም። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ከውሃ ሥር ያለው ድንጋይም ብዙ ስለሆነ ካርታውን ማንበብ የግድ ነው። ማዮርካና አካባቢው ውብ ሆኖ ውድ ነው፤ የፈረንሳይ ብሪታኒ ደግሞ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ በብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ለጀማሪ አይሆንም።

ማን ነው የሚሳፈረው?

ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ስላደግን ዋና አንችልም። ይህ አያሳፍርም፤ አለመናገሩ ነው የሚጎዳው። ቦታ ከማስያዛችሁ በፊት ማን እንደሚችልና እንደማይችል ጻፉ፤ የልጆች ላይፍ ጃኬት በየኪሎው እንዲዘጋጅ ጠይቁ፤ በጀልባው ዙሪያ የሚወጠር መረብም ስጡን በሉ። ለአረጋዊ ካታማራን የሚባለው ባለ ሁለት አካል ጀልባ ይሻላል፤ አይዘምም፣ ደረጃው ጥቂት ነው፣ እናቴ ቁጭ ብለው ቡና ማፍላት የቻሉት በእሱ ነው። ኪራዩም የማሪና ክፍያውም ግን ከባለ አንድ አካሉ ጀልባ በጣም ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ወዳጃችን ከሊቢያ ወደ ላምፔዱሳ በላስቲክ ጀልባ የተሻገረ ነው። እናውቃለን፤ ግን ዓመታት ስላለፉ ጋበዝነው፣ እሱም እሺ አለ። ማሪናው ላይ ደርሶ ሻንጣውን ይዞ ጀልባውን ሲያይ ቆመ፤ እግሩ አልራመድም አለው። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዳር ሆኜ ልየው" አለ። ሳምንቱን ሌፍካዳ ላይ ብቻውን አሳለፈ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በዚህ ባሕር የመጣ ሰው በመካከላችሁ ካለ አስቀድማችሁ፣ ለብቻው፣ እምቢ ለማለት በሚመቸው መንገድ ጠይቁት።

ወረቀትና ገንዘብ

ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሼንገን ውስጥ ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ በሼንገን ቪዛ የመጣ ወላጅ ወደ ግሪክም ወደ ክሮኤሺያም መሄድ ይችላል። ጥንቃቄው ጎረቤት አገሮች ላይ ነው፤ ከዱብሮቭኒክ ወደ ሞንቴኔግሮ፣ ከኮርፉ ወደ አልባኒያ መሻገር ከሼንገን መውጣት ነው። ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ መመለሻ የለም።

ያለ ስኪፐር፣ ማለትም ጀልባውን የሚነዳላችሁ ቅጥር ባለሙያ ሳይኖር፣ ለመከራየት ክሮኤሺያ የታወቀ የጀልባ ፈቃድና የሬዲዮ ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ግሪክ ፈቃድ ካለው ሰው ሌላ ልምድ ያለው ሁለተኛ ሰው ጀልባው ላይ እንዲኖር ትፈልጋለች። ጀርመን ላለ ሰው ለክሮኤሺያ ስፖርትቦትፉረርሻይን ዜ (የባሕር ጀልባ ፈቃዱ) እና ኤስ አር ሲ (የሬዲዮ ምስክር ወረቀቱ) የተባሉት ሁለቱ በቂ ናቸው። ፈቃድ ከሌላችሁ ስኪፐር ቅጠሩ፤ በቀን 200 ዩሮ አካባቢና ምግቡ ነው፣ የራሱ መኝታም ያስፈልገዋል። ስምንት ሰው የሚያስተኛ ጀልባ ላይ ስምንት ሆናችሁ ከሄዳችሁ እሱ የት ይተኛል? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ኪራይ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ማታ ግን ጀልባው መነሻው ማሪና መመለስ አለበት። ስለዚህ መንገዱን ስታወጡ በአምስት ቀን አስሉ። ጀልባውን ስትረከቡ ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሺህ ዩሮ የተለመደ ነው። ያለውን ጭረት ሁሉ በስልካችሁ ቅረጹ። ኦገስት 15 ያለበትን ሳምንት ከቻላችሁ አስወግዱት፤ በግሪክም በክሮኤሺያም በዓል ነው፣ ወደቡ ሁሉ ይሞላል። ትምህርት ቤት የሌለባችሁ ሴፕቴምበር አጋማሽን ያዙ፤ ውሃው እንደሞቀ ነው፣ ዋጋው ወርዷል፣ እንቁጣጣሽንም ባሕር ላይ ታከብራላችሁ።

ለአከራዩ በምትልኩት የመጀመሪያ መልእክት እነዚህን ጠይቁ፦ ጀልባው ስንት ዓመቱ ነው? ሰንሰለቱ ስንት ሜትር ነው? ከኪራዩ ሌላ ግዴታ የሚከፈለው ጽዳት፣ አንሶላና ግብር በድምሩ ስንት ነው? የልጅ ላይፍ ጃኬት በየትኛው መጠን አላችሁ? ሞተሩ ቢቆም የሚደርስልን ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ለአምስቱም ግልጽ መልስ ያልሰጠ አከራይ ጋ ቀብድ አትላኩ።